የፑል ብሬክ በ7፣ በ8 እና በ9 ጫማ ጠረጴዛ፦ ምን ይለወጣል፣ የቱ ምት ይሻላል?

ጠረጴዛው ቢያንስም ቢያድግም ኳሶቹ ያው ናቸው። የአንዷ ኳስ ውፍረት 57.15 ሚ.ሜ፣ ክብደቷ ከ156 እስከ 170 ግራም ነው። አሥራ አምስቱ በሦስት ማዕዘን ሲደረደሩ የሚይዙት ቦታም አይለወጥም፦ የኋላው ረድፍ ስፋት 28.6 ሴ.ሜ፣ ከፊቷ ኳስ እስከ ኋላው ረድፍ ጀርባ ያለው ርዝመት 25.5 ሴ.ሜ። የሚጠበውና የሚሰፋው በዙሪያቸው ያለው ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ብሬክን፣ ማለትም የተደረደሩትን ኳሶች የሚበትነውን የመክፈቻ ምት፣ ለጠረጴዛው ማስተካከል ሲባልም ይህን ባዶ ቦታ ማንበብ ነው።

ብዙ ተጫዋች «ትልቅ ጠረጴዛ ላይ በኃይል፣ ትንሽ ላይ በቀስታ» ብሎ ያልፈዋል። ግማሹ እውነት ነው። ትልቁ ጠረጴዛ ከሁሉ በፊት ትክክለኛ ምት ይፈልጋል፤ ትንሹ ነጯን (በዱላ የምትመታዋን ኳስ) መቆጣጠር ይፈልጋል። ጉልበት በሁለቱም ላይ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ጠረጴዛውን ለኩ

«7 ጫማ» ወይም «9 ጫማ» የሚለው ስም የውጭውን እንጨት ጨምሮ በግምት የተሰጠ ነው። ለብሬክ የሚጠቅማችሁ መጫወቻው ሜዳ ነው፤ እሱም ከአንዱ ጠርዝ ላስቲክ አፍንጫ እስከ ተቃራኒው ላስቲክ አፍንጫ ይለካል። ርዝመቱ ሁልጊዜ የስፋቱ እጥፍ ስለሆነ አንዱን መለካት ይበቃል። ሜትር ከሌለ በጠርዙ እንጨት ላይ ያሉትን ምልክቶች ተጠቀሙ፦ ረጅሙ ጎን በስምንት እኩል ክፍል ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል በ9 ጫማ ላይ ወደ 32 ሴ.ሜ፣ በ8 ጫማ ላይ 28 ሴ.ሜ፣ በ7 ጫማ ላይ 25 ሴ.ሜ ገደማ ነው።

የመነሻ መስመሩ ከላይኛው አጭር ጠርዝ (ብሬክ የሚመታው ሰው ከሚቆምበት) ሩብ ርዝመት ላይ ይገኛል፤ የድርድሩ የፊት ኳስ የምትቀመጥበት ነጥብ ደግሞ ከታችኛው ጠርዝ ሩብ ርዝመት ላይ። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት የጠረጴዛው ግማሽ ነው፤ ይኸውም ከስፋቱ ጋር እኩል ነው። ከዚህ ተነስተን ስንቆጥር፦

9 ጫማ (254 × 127 ሴ.ሜ)፦ ከመነሻ መስመር እስከ ነጥቡ 127 ሴ.ሜ። ከድርድሩ ጀርባ እስከ ታችኛው ጠርዝ 41 ሴ.ሜ። ከኋላው ረድፍ ጫፍ እስከ ጎኑ ጠርዝ 49 ሴ.ሜ።

ትልቁ 8 ጫማ (234 × 117 ሴ.ሜ)፦ 117፣ 36 እና 44 ሴ.ሜ።

መደበኛው 8 ጫማ (224 × 112 ሴ.ሜ)፦ 112፣ 33 እና 42 ሴ.ሜ።

7 ጫማ (198 × 99 ሴ.ሜ)፦ 99፣ 27 እና 35 ሴ.ሜ። ከዚህ በጥቂት ሴንቲሜትር የሚያንሱ ባለሳንቲም ጠረጴዛዎችም አሉ።

ልብ በሉ፦ የ7 ጫማው ሜዳ ጠቅላላ ቦታ (ርዝመት በስፋት ተባዝቶ) ከ9 ጫማው 61 በመቶ ብቻ ነው። ኳሶቹ ግን እኩል ናቸው። በ7 ጫማ ላይ ኳስ ከኳስ የሚጋጨው፣ የተበተነውም ተመልሶ የሚከማቸው ለዚህ ነው።

ርቀት ስህተትን ያበዛል

ነጯን መነሻ መስመሩ ላይ አስቀምጣችሁ በ1 ዲግሪ ብትስቱ፣ በ9 ጫማ ላይ የፊቷ ኳስ ጋ ስትደርስ 2.1 ሴ.ሜ ወደ ጎን ትሄዳለች። በ7 ጫማ ላይ ስህተቱ 1.6 ሴ.ሜ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን 2.1 ሴ.ሜ ማለት የፊቷን ኳስ ከ20 ዲግሪ በላይ በሆነ ማዕዘን መምታት ነው። በዚህ ማዕዘን ከነጯ ጉልበት ከአሥር አንድ እጅ በላይ ወደ ድርድሩ ሳይገባ ከራሷ ጋር ይቀራል። ጉልበቱ መባከኑ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ያ የቀረው ጉልበት ነው ነጯን ወደ ጎን አስፈንጥሮ ጉድጓድ ውስጥ የሚከታት።

ስህተቱን ወደ ግማሽ ዲግሪ ካወረዳችሁት በ9 ጫማ ላይ የሚባክነው ጉልበት ከሃያ አንድ እጅ በታች ይሆናል። ስለዚህ በትልቁ ጠረጴዛ ላይ ትከሻን አላልቶ ፍጥነትን በትንሹ ቀንሶ የፊቷን ኳስ መሃል ማግኘት፣ በሙሉ ኃይል መትቶ ጠርዟን ከመንካት የተሻለ ብትንትን ያመጣል። በተደጋጋሚ የሚታየው ስህተት ግን ተቃራኒው ነው፦ ኳሶቹ አልከፈት ሲሉ ተጫዋቹ ኃይል ይጨምራል፤ ኃይል ሲጨምር ይበልጥ ይስታል።

ፍጥነቱን በስልክ መለካት

ለልዩ መሣሪያ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። በሴኮንድ 240 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ከጎን አቁሙና የዱላው ጫፍ ነጯን ከነካበት ምስል ጀምራችሁ የፊቷ ኳስ እስከምትመታ ድረስ ያሉትን ምስሎች ቁጠሩ። ነጯ በእርግጥ የምትሄደው ርቀት ከላይ ከተጻፈው በአንድ ኳስ ውፍረት ያንሳል፦ በ9 ጫማ 121፣ በመደበኛው 8 ጫማ 106፣ በ7 ጫማ 93 ሴ.ሜ።

በ9 ጫማ ላይ 33 ምስል ከቆጠራችሁ ፍጥነቱ በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለደህና ተጫዋች ጥሩ የሥራ ፍጥነት። በዓለም ውድድር ላይ የሚታዩት ኃይለኞች 40 ኪሎ ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ፤ እሱ ግን ለዓመታት የተሠራ ምት ነው። አሁን ወደ ሌላው ጠረጴዛ ስትሄዱ ፍጥነቱን ሳይሆን የምስሉን ቁጥር እንዳለ ያዙት። ያው 33 ምስል በ8 ጫማ ላይ ወደ 28፣ በ7 ጫማ ላይ ወደ 24 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሰጣችኋል። ለሦስቱም ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ እንደ ጨርቁ ሁኔታ ትጨምራላችሁ ወይም ትቀንሳላችሁ። ጠጉር የሌለው ስስ የሱፍ ጨርቅ ኳስን ሩቅ ይወስዳል፤ ጠጉራሙና ያረጀው ይይዛታል፤ በእሱ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር መጨመር አይጎዳም።

ይህ ደንብ ሌላም ጥቅም አለው። ነጯ በጨርቁ ላይ የምትንሸራተትበት ጊዜ በሁሉም ጠረጴዛ ላይ እኩል ስለሚሆን፣ በመንገድ ላይ የምታነሳው ወደፊት የመንከባለል መጠንም ይቀራረባል። የምትመቷትን ከፍታ ከሥር መሠረቱ መለወጥ አይኖርባችሁም ማለት ነው።

ነጯን በየት ከፍታ መምታት?

ነጯ ድርድሩን ፊት ለፊት ስትመታ ወደ ኋላ ትነጥራለች፤ አሥራ አምስት ኳስ አንድ ላይ ከእሷ ይከብዳልና። የምንፈልገው ከነጠረች በኋላ ጠረጴዛው መሃል አካባቢ እንድትቆም ነው፤ ከዚያ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ማየት ይቻላል። እዚያ የሚያቆማት ስትደርስ ያላት ጥቂት የወደፊት መንከባለል ነው፦ ንጥረቱ ወደ ኋላ ይወስዳታል፣ መንከባለሉ ይገታታል።

መሃሏን መትታችሁ ጀምሩና ምን እንደምትሠራ ተመልከቱ። ነጥራ ከተመለሰች በኋላ እንደገና ወደፊት እየተንከባለለች ወደ ኳሶቹ መሃል ከገባች መንከባለሉ በዝቷል፤ የዱላውን ጫፍ 2 ወይም 3 ሚ.ሜ ዝቅ አድርጉ። እስከ ላይኛው ጠርዝ ድረስ ከተመለሰች ደግሞ ያንኑ ያህል ከፍ አድርጉ። ከዚያ በላይ በአንድ ጊዜ አትቀይሩ።

በ9 ጫማ ላይ ሙሉ ኃይል የሚመታ ሰው ብዙ ጊዜ መሃሉን ወይም ከመሃል በጣም ጥቂት ዝቅ ያለውን ይፈልጋል። በ7 ጫማ ላይ ፍጥነቱ ስለቀነሰ ያ እኩል መንከባለል ከፍጥነቱ አንጻር ይበዛል፤ ስለዚህ ሌላ 1 ሚ.ሜ ዝቅ ማለት ይረዳል። «ቅርብ ስለሆነች ከፍ አድርጌ ልምታ» የሚለው ሐሳብ የሚሠራው ፍጥነታችሁን ካልቀነሳችሁ ብቻ ነው።

ነጯን ግራ ወይም ቀኝ ጎኗን መምታት ግን በየትኛውም ጠረጴዛ ላይ አይመከርም። በብሬክ ፍጥነት ነጯ ከታለመላት መስመር ትገፋለች፤ ያ ደግሞ ከላይ ያየነው የዲግሪ ስህተት ነው።

ዝላይ፦ ማንም የማያየው ሌባ

የዱላው መጨረሻ ከጠርዙ በላይ ማለፍ ስላለበት ዱላው ሁልጊዜ ወደፊት ያዘነበለ ነው። ወደ ታች ያዘነበለ ዱላ ነጯን ከጨርቁ ጋር ያጋጫትና በጥቂቱ ትዘላለች። በአየር ላይ እያለች የፊቷን ኳስ ከላይ ከመታቻት ጉልበቱ ይባክናል፤ ነጯም ከጠረጴዛው ልትወጣ ትችላለች።

የጠረጴዛው መጠን እዚህ ላይ በሁለት መንገድ ይገባል። አንደኛ፣ በ9 ጫማ ላይ ለማረፍ ጊዜ ያገኘችው ኳስ በ7 ጫማ ላይ ገና በአየር ላይ ሳለች ትደርሳለች። ሁለተኛ፣ በ7 ጫማ ላይ ከላይኛው ጠርዝ እስከ መነሻ መስመሩ 50 ሴ.ሜ ብቻ ስላለ ዱላው ከጠርዙ በላይ ለማለፍ ይበልጥ ይነሳል።

መድኃኒቱ ዱላውን የምትይዙበትን የኋላ እጅ እስከሚቻለው ዝቅ ማድረግ ነው፤ እንጨቱን ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው። መደገፊያ እጃችሁን ጠርዙ ላይ የምታደርጉ ከሆነም ወደ ጨርቁ አውርዱት፦ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ እጅ ዱላውን ከፍ ያደርገዋል፤ ነጯን ወደ ኋላ ለመሳብም ያስገድዳል። አንዳንዱ ተጫዋች ጠርዙ ላይ እጁ ስለሚረጋጋለት በትክክለኛነት የሚያተርፈው ከዝላዩ ኪሳራ ይበልጥበታል። እሱ በ9 ጫማ ላይ እንዳለ ይቀጥል፤ በ7 ጫማ ላይ ግን ወደ ጨርቁ መውረድ ይሻለዋል።

ዝላዩን ለማየት ያንኑ የስልክ ቪዲዮ ከጨርቁ ከፍታ ቅረጹ። በነጯና በጨርቁ መካከል ብርሃን ከታየ ትዘላለች። ጨርቁ ላይ ከድርድሩ ፊት ለፊት የሚታዩት ነጫጭ ነጠብጣቦችም የዘለሉ ኳሶች ያረፉባቸው ናቸው።

በ9 ጫማ ላይ

ቦታው ሰፊ ስለሆነ ኳሶቹ በቀላሉ ይራራቃሉ፤ ጉድጓድ መግባታቸው ግን ይከብዳል። እዚህ ላይ ጥሩ ብሬክ ማለት የሚከተለውን ኳስ በቀላሉ የሚያሳይ ማለት ነው።

ለኤይት ቦል (በአሥራ አምስት ኳስ የሚጫወቱት፣ ስምንት ቁጥር በመጨረሻ የምትገባበት ጨዋታ) ከመሃል ወይም ከመሃል እስከ 10 ሴ.ሜ ወደ ጎን ተነስቶ የፊቷን ኳስ ሙሉ በሙሉ መምታት የመጀመሪያ ምርጫችን ነው። መደገፊያ እጃችሁና ነጯ መካከል ያለው ርቀት ከ25 እስከ 30 ሴ.ሜ ቢሆን ዱላው የሚፋጠንበት በቂ መንገድ ያገኛል። ከዚያ በላይ የረዘመ ከሆነ የዱላው ጫፍ መዋለል ይጀምራል፤ በ121 ሴ.ሜ ርቀት መጨረሻ ላይ ያ መዋለል ይታያል።

ለናይን ቦል (ዘጠኝ ኳሶች በአልማዝ ቅርጽ የሚደረደሩበት ጨዋታ) ነጯን ከጎኑ ጠርዝ 15 ሴ.ሜ ያህል አርቆ መነሻ መስመሩ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ርቀቱ ወደ 136 ሴ.ሜ ያድጋል፤ ዋጋ ያለው ጉዞ ነው። ድርድሩ ጥብቅ ከሆነና አንድ ቁጥር ነጥቡ ላይ ከተቀመጠች፣ በሰፊው ረድፍ ዳርና ዳር ካሉት ሁለት ኳሶች አንዷ በቀጥታ ወደ ታችኛው የማዕዘን ጉድጓድ ትሄዳለች፤ አንድ ቁጥር ደግሞ ወደ ጎን ጉድጓድ ታመራለች። በአንዳንድ ውድድር ዘጠኝ ቁጥር ነጥቡ ላይ ትቀመጣለች፤ ያኔ ድርድሩ በሙሉ 10 ሴ.ሜ ገደማ ወደ መነሻ መስመሩ ስለሚቀርብ የዳሯ ኳስ ጉድጓዱ ጋ ሳትደርስ የጎኑን ጠርዝ ትመታለች። በዚህ ደንብ የምትጫወቱ ከሆነ በአንድ ቁጥርና በጎን ጉድጓዱ ላይ አተኩሩ።

በ7 ጫማ ላይ

ከሦስቱ ብዙ ማሰብ የሚፈልገው ይህ ነው።

የኋላው ረድፍ ከታችኛው ጠርዝ 27 ሴ.ሜ ብቻ ይርቃል። እነዚያ አምስት ኳሶች ወዲያው ጠርዙን መትተው ገና በመበተን ላይ ወዳሉት ኳሶች ይመለሳሉ። ኃይል በጨመራችሁ ቁጥር ይህ የመልስ ግጭት ይበዛል፤ መሃል ላይ በጥሩ ሁኔታ የቆመችውን ነጭ የሚመታትና ጉድጓድ የሚከታትም ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ተመላሽ ኳስ ነው። «መጥፎ ዕድል» ይባላል፤ ሁለት ሦስቴ ከተደጋገመ ግን የዕድል ነገር አይደለም፤ ፍጥነቱን በአሥር በመቶ ቀንሱና ተመልከቱ።

በሌላ በኩል ጉድጓዶቹ ቅርብ ናቸው። የናይን ቦሏ የዳር ኳስ እስከ ማዕዘን ጉድጓዱ በ9 ጫማ ላይ 79 ሴ.ሜ ስትሄድ በ7 ጫማ ላይ 59 ሴ.ሜ ብቻ ትሄዳለች፤ አቅጣጫው ደግሞ ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ነው የሚለየው። ጉድጓዱ እኩል ስፋት ካለው፣ የምትስትበት ዕድል በርቀቱ ልክ ይቀንሳል። ስለዚህ ከጎን የሚመታው ብሬክ በትንሹ ጠረጴዛ ላይ ይበልጥ ያተርፋል፤ ያውም በትንሽ ፍጥነት።

መደገፊያ እጃችሁን ከነጯ ከ20 እስከ 25 ሴ.ሜ አቅርቡ። ዱላው የሚፋጠንበት መንገድ ያጥራል፤ ለምትፈልጉት 24 ኪሎ ሜትር በሰዓት ግን ይበቃል፤ ትክክለኛነቱም ይጨምራል።

ባለሳንቲም ጠረጴዛ ከሆነ ነጯን መርምሩ። ማሽኑ ነጯን ከሌሎቹ ለይቶ እንዲመልስ በአንዳንዶቹ ላይ ተለቅ ያለች፣ በሌሎቹ ላይ ብረት ያለባት ኳስ ትገባለች። ለማወቅ ነጯን በሁለት ባለቁጥር ኳሶች መካከል አስጠግታችሁ ከላይ ቀጥ ያለ ነገር ጋድም አድርጉ፤ ከተወዛወዘ ነጯ ትበልጣለች። የቆዩት ትልልቆቹ 60.3 ሚ.ሜ ውፍረት አላቸው፤ ከተመሳሳይ ነገር ከተሠሩ ከሌላዋ ኳስ በ17 በመቶ ገደማ ይከብዳሉ። ከባድ ነጭ ከግጭቱ በኋላ አትቆምም፤ ወደፊት ትገፋለች፣ ኳሶቹን ተከትላም ወደ ታችኛው ጉድጓዶች ትሄዳለች። በእሷ ላይ ከመሃል ወደ 5 ሚ.ሜ ዝቅ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ትድረስ። መጠኗ እኩል ሆና ከመታችኋት በኋላ ከለመዳችሁት ይልቅ ወደፊት የምትገፋ ከሆነ በውስጧ ክብደት አለ፤ ያው ማስተካከያ ያገለግላል።

ሁለተኛውን ረድፍ መምታት፦ መቼ?

በኤይት ቦል የፊቷን ኳስ ትታችሁ ከሁለተኛው ረድፍ ያለችውን መምታት ሌላው አማራጭ ነው። ነጯን ወደ ጎኑ ጠርዝ አስጠግታችሁ በእናንተ በኩል ያለችውን የሁለተኛ ረድፍ ኳስ ሙሉ ለሙሉ ትመታላችሁ፤ ነጯን ከመሃል ዝቅ አድርጋችሁ። ጥቅሙ ስምንት ቁጥር ከቦታዋ ወደ ጎን ጉድጓድ አቅጣጫ የምትንቀሳቀስ መሆኗ ነው፤ ከፊት ሲመታ ግን መሃል ላይ ብዙ አትንቀሳቀስም።

በ7 ጫማ ላይ የጎን ጉድጓዱ ቅርብ ስለሆነ ሙከራው ያዋጣል። በ9 ጫማ ላይ ግን አንመክረውም፦ ርቀቱ ያድጋል፣ ዒላማዋ በከፊል በፊቷ ኳስ ተሸፍናለች፣ ጥቂት ብትስቱ ነጯ ወደ ማዕዘን ጉድጓድ ትሄዳለች። በ8 ጫማ ላይ ፊት ለፊት የሚመታው ሲከሽፍ የሚወጣ ሁለተኛ ምርጫ ይሁን።

ከመወሰናችሁ በፊት ግን ደንቡን ጠይቁ። በዓለም የፑል ማኅበር ደንብ ስምንት ቁጥር በብሬክ ብትገባ ማሸነፍ አይደለም፤ የመታው ሰው መልሶ ነጥቡ ላይ ያስቀምጣታል ወይም እንደገና ብሬክ ይመታል። በአንዳንድ ቤት ግን ጨዋታው እዚያው ያልቃል፤ ያን ጊዜ የሁለተኛ ረድፍ ምት ዋጋው ሌላ ነው። በዚያው ማኅበር ደንብ ምንም ኳስ ካልገባ ቢያንስ አራት ኳሶች ጠርዝ መንካት አለባቸው። በ7 ጫማ ላይ በቀስታ ምት እንኳ ይሟላል፤ በ9 ጫማ ላይ ደግሞ የፊቷን ኳስ በጎኗ የነካ ሰው ሊጎድልበት ይችላል።

በ8 ጫማ ላይ

ለ9 ጫማ የምትለማመዱትን ምት ሳትለውጡ ፍጥነቱን ብቻ በአሥር በመቶ ያህል ቀንሱት፤ ያ ነው በቃ። ትልቁ 8 ጫማ ከሆነ መቀነሱም ብዙ አያስፈልግም። ብቸኛው ችግር ሁለቱን 8 ጫማዎች አንድ አድርጎ ማየት ነው፦ በመካከላቸው የ5 ሴ.ሜ የብሬክ ርቀት ልዩነት አለ፤ ስሙ አንድ ነውና ሳትለኩ አትመኑት።

የትኛውም ምት የማያድነው ድርድር

በፊቷ ኳስና በሁለተኛው ረድፍ መካከል ክፍተት ካለ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ከንቱ ነው። ጉልበቱ ወደ ኋላ አይተላለፍም፤ ኳሶቹ በአንድ ወገን ይከማቻሉ። ፍሬሙን (ኳሶቹ የሚደረደሩበትን ባለሦስት ማዕዘን ማቀፊያ) ከማንሳታችሁ በፊት ኳሶቹን ከኋላ በጣቶቻችሁ ወደፊት ግፉና በቀስታ አንሱት፤ ከዚያ ከላይ ሆናችሁ ተመልከቱ። ክፍተት የያዘችውን ኳስ በቦታዋ አዙሯት፣ ካልሆነም ከሌላ ጋር ለውጧት። ብዙ በተጫወተባቸው ትንንሽ ጠረጴዛዎች ላይ ነጥቡ ጎድጉዶ ስለሚገኝ የፊቷ ኳስ ወደ ጉድጓዷ እየሸሸች ከሌሎቹ ትለያለች፤ እዚያ ላይ ከስር የሚነጠፈው ስስ የመደርደሪያ ፕላስቲክ ይረዳል።

ምልክቱን አይቶ ማስተካከል

ኳሶቹ በአንድ ጎን ብቻ ከተበተኑ፣ ነጯም ወደ ሌላው ጎን ከሄደች፣ የፊቷን ኳስ መሃል አላገኛችሁም። በ9 ጫማ ላይ ፍጥነት ቀንሱ፤ በ7 ጫማ ላይ ግን ፍጥነቱ ቀድሞም አነስተኛ ስለሆነ አቋቋማችሁንና የዱላውን መስመር ፈትሹ።

የኋላው ረድፍ ብቻ ተበትኖ መሃሉ ተያይዞ ከቀረ ድርድሩ ላላ፤ ወይም ነጯ በአየር ላይ ደርሳለች። ሁለቱን የሚለየው ቪዲዮው ነው።

ኳሶቹ በደንብ ተበትነው ከዚያ ሁሉም በታችኛው ግማሽ ከተከማቹ፣ በ9 ጫማ ላይ ኃይል አንሷል። በ7 ጫማ ላይ ይህ ከታየ ከባድ ነጭ ተከትላቸው ገብታ ይሆናል፤ መጀመሪያ እሷን ዝቅ አድርጋችሁ ምቱ።

ነጯ ከጠረጴዛ ከወጣች የኋላ እጃችሁን ዝቅ አድርጉ። የምትመቷትን ከፍታ አትንኩ፤ ችግሩ የዱላው ዝንባሌ ነው።

በአንድ ቀን ከአንዱ መጠን ወደ ሌላው የምትሸጋገሩ ከሆነ ከጨዋታው በፊት ስድስት ብሬክ ይበቃችኋል። ሁለቱን በግማሽ ኃይል ምቱና ነጯ ወዴት እንደምትመለስ ብቻ ተመልከቱ፤ ሁለቱን በቪዲዮ ቅረጹና ምስሎቹን ቁጠሩ፤ የቀሩትን ሁለቱን ነጯን 5 ሴ.ሜ ወደ ግራ፣ ከዚያም 5 ሴ.ሜ ወደ ቀኝ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከትልቁ ወደ ትንሹ ስትመጡ ቁጥሩ ከ33 በታች ሆኖ ይገኛል፤ ክንዳችሁ የትልቁን ፍጥነት ይዞ መጥቷልና። በ7 ጫማ ላይ 25 ምስል ከቆጠራችሁ አሁንም በ32 ኪሎ ሜትር እየመታችሁ ነው።